በሁለት ገመድ የተጎተተው ግንድ

አንድ ገበሬ ነበር፤ አንዳርጌ ይባላል። ሚስቱ ጥሩዓለም የመውለጃ ወሯ ገብቷል፤ ጤና ጣቢያው ያለው ግን ከወንዙ ማዶ ነው። ክረምት ከገባ ደግሞ ያ ወንዝ ሰው አያሻግርም። ስለዚህ አንዳርጌ ኮረብታው ላይ የተቆረጠውን ትልቅ ግንድ አውርደው ድልድይ እንዲሠሩ የላይ ሰፈሩንም የታች ሰፈሩንም ለደቦ ጠራ።

ለመምጣቱስ ሁሉም መጣ። ጉዱ የጀመረው ድልድዩ የት ይሁን ሲባል ነው። የላዮቹ በእኛ መሻገሪያ አሉ፤ የታቾቹ በእኛ አሉ። አንዳርጌ እግራቸው ላይ ወድቆ ቢለምን የሚሰማው ጠፋ። በመጨረሻ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱን ገመድ ከግንዱ ጫፍ አስሮ ወደየመሻገሪያው ይስብ ጀመር።

ግንዱ ተንቀሳቀሰ። ባይንቀሳቀስ ይሻል ነበር፤ ሁለቱም ወደ እኛ መጣልን ብለው ባሰባቸው። በዚያ አገር ደቦ ላይ ወደ ኋላ የዞረ እንደ ሰነፍ ይቆጠራል። ሁሉም ፊቱን ወደ ራሱ መሻገሪያ አድርጎ፣ እየዘፈነ ይስባል። ከኋላ ሆኖ ግንዱን የሚገፋው አንዳርጌ ብቻ አየ። ግንዱ ወደ ላዮቹም ወደ ታቾቹም አልሄደም፤ በሁለቱ መሻገሪያዎች መካከል ወዳለው ገደል ቀጥ ብሎ ነበር የሚወርደው። ጮኸ፤ ዘፈኑ ድምፁን ዋጠው።

ገመዱ ከእጃቸው ሲመነጨቅ ነው የዞሩት። ግንዱ ገደል ገብቶ ተሰባብሯል። የላዩ አለቃ ወደ ገደል አልሳብንም ብሎ ማለ፤ የታቹም ማለ። የሚያናድደው፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

"ወደ ገደል የሳበ የለም" አለ አንዳርጌ። "ገደል የከተታችሁት ግን እናንተው ናችሁ። አሁን ሚስቴን በየት በኩል ላሻግራት?"

ሁለቱም ሰፈር ገመዱን ጠቅልሎ ወደየቤቱ ገባ። ዝናቡ መጣ፤ ጥሩዓለምን ምጥ ያዛት፤ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ከማዶ እየታያት ከነልጇ ሞተች። ለቀብሯ ሁለቱም ሰፈር ነቅሎ ወጣ። አስከሬኗን ሲሸከሙ ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሄዱ። ያን ቀን ማን አስተማራቸው?

ስለ ብርታታችሁ አታውሩልኝ። ጉልበት ሲደመር አቅጣጫም አብሮ ይደመራል፤ ድምሩም ማናችንም ወዳልፈለግነው ቦታ ሊወስደን ይችላል። "እኔ በበኩሌ ስቤያለሁ" ማለት ለሞተችው መልስ አይሆንም። አንተስ፣ አንቺስ፣ ገመዳችሁን ይዛችሁ ስትዘፍኑ ግንዱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ዞር ብላችሁ ያያችሁት መቼ ነው?