የኔነሽ የመረጠችው ማሸጊያ

በእኛ ከተማ ሰው ልጁን አንድ ሠርግ ላይ ላየው ጎረምሳ ለመዳር ሲጣደፍ፣ ወይም በአስፋልት ሲነዳ ብቻ ያየውን ሾፌር ለገጠር መንገድ ሲቀጥር፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎሮሮውን ጠርጎ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። እንግዳ ሰው ሲሰማት ስለ ማገዶ ወይም ስለ ክረምት እርሻ የተነገረች ይመስለዋል። ማገዶም እርሻም የለበትም። የወጣችው ከዓሣ ነው፤ በትክክል ለመናገር ዓሣ ከሚታሸግበት ማሽን። ነገሩ ሲሆን ግማሹ ከተማ ወደቡ ላይ ነበር፣ እኔም ነበርኩ። እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ወይዘሮ የኔነሽ በእኛ በኩል ባለው የጣና ዳርቻ ስሟ የታወቀ የዓሣ ነጋዴ ናት። ጀልባ ሲደርስ አጥማጆቹ መጀመሪያ የሚጠሩት እሷን ነበር፤ የሚፈሩትም እሷን። የዓሣውን ጆሮ፣ መተንፈሻውን፣ ገልጣ ቅላቱን ሳታይ፣ ሆዱን በአውራ ጣቷ ተጭና ሳትፈትን አንዲት ቆሮሶ ዓሣ አትገዛም። በገበያው «ከየኔነሽ የገዛሁት ነው» ማለት «ዛሬ የወጣ ነው» ማለት ነበር። ከዚህ ስም ሌላ ይህ ነው የሚባል ሀብት አልነበራትም።

አንማው ደግሞ የቆላ ሰው ነው፣ ፈቃድ ያለው አዳኝ። ጅግራና ቆቅ፣ አልፎ አልፎም የድኩላ ሥጋ ይዞ ወደ ከተማ ይወጣል። ከየኔነሽ ጋር ያገናኛቸው ፍሪዘር ነው። እሷ ፍሪዘር ነበራት፣ እሱ ሥጋውን የሚያሳድርበት ቦታ ፈለገ፣ እሷም አንዱን ጥግ ሰጠችው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወውና፣ በሁዳዴ ከተሜው ዓሣ ይፈልጋል፤ ጾሙ ሲፈታ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። የጅግራው ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። የእሷ ገበያ ሲከፈት የእሱ ይዘጋል፣ የእሱ ሲከፈት የእሷ። ስለዚህ ሳይቀናኑ አንድ ፍሪዘር መጋራት ቻሉ።

አንድ ዓመት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባሕር ዳር ያለ አንድ ሆቴል መልእክት ላከባቸው። ለጾሙ ዓሣ፣ ለፋሲካ ደግሞ ጅግራ እንደሚፈልግ፣ ነገር ግን በፌስታል የተቋጠረ እንደማይቀበል፣ አየሩ ወጥቶ የታሸገ መሆን እንዳለበት ነገራቸው። መጀመሪያ ለሙከራ ትንሽ ይላኩ፤ ከወደዱት ጾሙን በሙሉ ከእነሱ ይገዛሉ። ለየኔነሽ ይህ እንደ ሎተሪ ነበር። ገበያ ላይ ከፀሐይና ከዝንብ ጋር እየተሟገተች ስትሸጥ ነው የኖረችው፤ አሁን ግን ገዢ ፊቱን አዙሮ እሷን ጠራ።

ያላቸውን አዋጡና ማሽኑን ማን ይምረጥ ተባለ። አንማው አላመነታም። ዓሣ ሲገዛ የእሷን ያህል ዓይን ያለው ሰው እንደሌለ፣ ማሽንም ቢሆን እንደማያታልላት ተናግሮ ሸኛት። እሷም የራሷን ብልሃት አሰበች። ሁለት ቆሮሶ ገፍፋ፣ አጥንቱን አውጥታ፣ በበረዶ አድርጋ ክዳን ባለው ባልዲ ያዘች። ማሽኑ ዓይኗ እያየ ዓሣዋን አሽጎ እንዲያሳያት ነው። ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አልነበረም፤ እስከዚህ ድረስ አንድም ስሕተት አልሠራችም።

አዲስ አበባ ዘመዶቿ ቤት አድራ በማግስቱ መርካቶ ስትደርስ በረዶው ውኃ ሆኗል። የገባችበት ሱቅ ወለሉ መስተዋት የመሰለ፣ ዕቃው ሁሉ ነጭ ነጭ ነው። ከፊቷ አንዲት ዘመናዊ ሴት የዳቦ ማቡኪያ ትመርጣለች። የኔነሽ ባልዲዋን መሬት ስታስቀምጥ ክዳኑ ሸርተት አለ፤ ሴትዮዋም የሻሿን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ይኸው ነው የሆነው። ክፉ ቃል የተናገራት የለም። የኔነሽ ግን ፊቷ ጋለ። ባልዲውን አንሥታ ወጣችና በር ላይ ለቆመው ዘበኛ አደራ ሰጥታ፣ እጇን በነጠላዋ ጠራርጋ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ነጋዴው ጨዋ ሰው ነበር። ሁለት ዓይነት እንዳለው ነገራት። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ቀጭን ነው፤ የላስቲኩን አፍ ብቻ ይነክስና አየሩን ይስባል። ሁለተኛው እንደ ሣጥን ከባድ ነው፤ ላስቲኩ ከነዕቃው ውስጡ ገብቶ ክዳን ይዘጋበታል።

«ምን ሊያሽጉበት ነው እናቴ?» አላት።

የኔነሽ ዘመናዊዋን ሴት በዓይኗ ጫፍ አየቻት። ገና አልሄደችም።

«ሥጋ» አለች።

ነጋዴውም ውኃ ለሚበዛበት ነገር ሣጥኑ እንደሚሻል፣ ለሥጋ ግን ቀጭኑ እንደሚበቃ ገለጸላት። ከዚያ አንድ ወፍራም ፎጣ አጣጥፎ ላስቲክ ውስጥ ከተተና ማሽኑን አስነሣው። ፎጣው እያየችው ተኮማተረ፣ ሳሳ፣ ጣውላ ሆነ። በጥፍሯ ብታንኳኳው ድምፅ ሰጠ። የዳቦ ማቡኪያ የምትመርጠዋ ሴት እንኳ ዞር ብላ አደነቀች። ሣጥኑ ይሻላል የሚለውን ቃል የኔነሽ ሰምታዋለች፤ ነገር ግን አሁን ዓሣ ነው ብትል ቅድም የዋሸችው ይገለጣል። ቀጭኑን አስጠቀለለችና ወጣች። ባልዲውን ከዘበኛው ስትቀበል ዓሣው ከጥቅም ውጭ ነበርና ለድመት እንዲጥለው ተወችለት።

ማሽኑ ከተማችን የገባ ዕለት ቤቷ በሰው ሞላ። መጀመሪያ የታሸገው የአንማው ጅግራ ነው። አዳኝ ነውና ሥጋ ላይ ደም ማስቀረት አይወድም፤ ጅግራውን ገፍፎ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ ነፋስ አስመትቶ ነው ያመጣው። እንደ ፎጣው ድርቅ ብሎ ታሸገ፤ ሰዉ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ተገረመ። ቀጥሎ የእሷ ዓሣ ገባ። የኔነሽ ንጽሕና ወዳድ ናት፤ ዓሣውን ደጋግማ አጥባ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ ነው ላስቲክ ውስጥ የምታስገባው። ማሽኑ አየሩን ሲስብ ውኃውንም ወደ ላስቲኩ አፍ ሳበው። እንደምንም ተዘጋ፤ ሲያዩት የታሸገ ይመስላል። ሁሉም ፍሪዘር ገባ። በማግስቱ እንደተለመደው መብራት ጠፋ፣ ቶሎም አልመጣም። ሲመጣ ደግሞ የመላኪያው ቀን ደርሶ ነበርና አንማው ዕቃውን ሣጥን ውስጥ በበረዶ ደራርቦ ወደ ባሕር ዳር ይዞ ሄደ።

ሆቴሉ ወጥ ቤት ውስጥ ሣጥኑ ሲከፈት የጅግራው ላስቲክ እንደ ድንጋይ ነው። የዓሣው ግን አየር ገብቶበት ላልቷል፣ አፉ ለቅቆ ውኃው ከታች ያለውን ጅግራ ሁሉ አርሶታል። የሆቴሉ ግዢ ኃላፊ አንዱን አሸተተና ሣጥኑን በእግሩ ገፋ አደረገው። ዓሣው ከመታሸጉ በፊት ያደረ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ሁለተኛ እንዳያመጡ፣ ጅግራውንም ዓሣ ዓሣ ስለሚል እንደማይቀበል ነግሮ መለሰው።

አንማው መንገዱን ሁሉ ሲብሰለሰል መጣ። ከመኪናው ሲወርድ የኔነሽ ገበያ ላይ ቁጭ ብላ ዓሣ ትገፍፋለች፤ ግራና ቀኟ ሴቶች አሉ። ሣጥኑን ፊቷ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ያደረ ዓሣ ነው ያሸግሽው» አላት።

ለዓሣ ነጋዴ ከዚህ የከፋ ቃል የለም፤ ለየኔነሽ ደግሞ ሰው ፊት ሌባ ከመባል ይብሳል። ቢላዋዋን አስቀመጠች። ዓሣው በታሸገበት ጠዋት ከውኃ የወጣ እንደነበር፣ የከዳት ማሽኑ እንደሆነ ተናገረች። አንማውም መለሰ፦ ማሽኑ አንድ ነው፣ ያሸገውም በአንድ ቀን ነው፤ ታዲያ የእሱ ጅግራ ለምን ደኅና ሆነ? እሱ ማሽኑን ከቤቷ አንሥቶ ወሰደ፣ ሥጋውንም ከፍሪዘሯ አወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ክፉ ነው። ዓመታት ሙሉ ሳያዩ ይገዟት የነበሩ ሰዎች ዓሣዋን እያነሡ ጆሮውን መግለጥ ጀመሩ። ገልጠው አይተው፣ አስቀምጠው ወደሚቀጥለው መደብ ያልፋሉ። የኔነሽ ጥቂት ቀን ቻለችው። ከዚያ ገበያ መውጣት ተወች። ቤቷ የሄዱ ሴቶች ፍሪዘሩን ከፍታ፣ ባዶውን ስታጥብ እንዳገኟት ይናገሩ ነበር።

በመጨረሻ አያ ቢተው ሁለቱንም አስጠሯቸው። አያ ቢተው ወደቡ ላይ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ለእርቅም ለፍርድም የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ነገሩን ከሁለቱም አፍ ሰሙና ብዙ አልተናገሩም። ማሽኑ ይምጣ አሉ። መብራት የአጥማጆች ማኅበር መጋዘን ውስጥ ስላለ እዚያ ተሰበሰብን። ጀልባ እስኪመጣ ጠበቅን፤ ገና አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ቆሮሶ ከመረብ ወጣ። የኔነሽ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ገፈፈችው፣ አጠበችው፣ እየተንጠባጠበ ላስቲክ ውስጥ ከተተችው። አንማው ራሱ አሸገው።

ሁላችንም ላስቲኩን ከበን አየን። መጀመሪያ ጥብቅ ብሎ ነበር። ጥቂት ቆይቶ በታሸገው መስመር ላይ የውኃ ጠብታ ብቅ አለ፣ አጠገቡ ሌላ። ከዚያ ላስቲኩ እንደሚተነፍስ ሰው ቀስ እያለ ላላ። ዓሣው በዓይናችን ከሐይቅ የወጣ ነው፤ ያደረ ነው የሚል አፍ አልነበረም።

አንማው ከትከሻው ላይ ፎጣውን አወረደና ሌላ ዓሣ አንሥቶ ጅግራ እንደሚወለውለው አድርጎ ፊትና ኋላውን ጠራረገው፤ በማኅበሩ ፍሪዘር ውስጥም ጠንከር እስኪል አቆየው። አውጥቶ ሲያሽገው ላስቲኩ ያዘ። ገለበጠው፣ ጨመቀው፣ አልለቀቀም።

«እትዬ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነጋዴው ማሽኑ ውኃ አይወድም ብሎ አልነገረሽም?»

የኔነሽ የለም ብትል ማንም ያምናት ነበር። ነጋዴው ሩቅ ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ እሱ ላይ ጥላ ስሟን ይዛ ቤቷ መግባት ትችል ነበር።

«ነግሮኛል» አለች። «እኔ ነኝ ሥጋ ነው ያልኩት። ዓሣ ማለት አፈርኩ። ዓሣ ይዤ ሄጄ ነበር፣ ሸተተባቸው፣ ውጭ አስቀመጥኩት። እሱም በፎጣ አሳየኝ።»

መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ዓሣ ገፋፊዎች ናቸው። አንዳቸውም አልሳቁ። አንዷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፤ ሌላዋ ወደ ሐይቁ ዞረች። ያ ዕፍረት የየኔነሽ ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

የኋላውን ላስቀድምላችሁ። አንማው በማግስቱ ገበያ መሐል፣ ያንን ቃል በተናገረበት ቦታ ቆሞ ይቅርታ ጠየቃት፤ ሥጋውንም ወደ ፍሪዘሯ መለሰ። ሆቴሉ የዚያን ዓመት ጾም ዓሣ ከሌላ ሰው ገዝቶ ስለነበር አልሆነላቸውም፣ የፋሲካውን ጅግራ ግን ወሰደላቸው፤ በሚቀጥለው ሁዳዴ የኔነሽ ራሷ ሄዳ አነጋግራቸው ዓሣዋን ተቀበሏት። ማሽኑም አልተጣለም፤ እየወለወሉና እያጠነከሩ ይሠሩበታል።

ያን ዕለት ግን፣ የኔነሽ ተናግራ ስትጨርስ፣ ሁሉም አያ ቢተውን ያይ ነበር፤ ማን ጥፋተኛ ነው፣ ማን ማንን ይካስ የሚል ፍርድ ጠብቀን። እሳቸው ላላ ያለውን ላስቲክ በአንድ እጃቸው፣ የያዘውን በሌላው አንሥተው መዘኑ። እሷ ማሽኑን በፎጣ መርጣለች፣ አንማውም የእሷን እውነት በጅግራው ላስቲክ መዝኖ ፈርዶባታል፤ ሁለቱም የፈተኑት በሚቀለው ነው ብለው ላስቲኮቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው «እንግዲህ ልጆቼ፣ በደረቅ የመረጠ በእርጥብ ቀለጠ» አሉ።