ዳገት ላይ የተበተነ ሎሚ

ሎሚ ምን ይከብዳል? ሥራ በዝቶ ሰው ሲያመነታ፣ ደቦ ላይ ይሁን ዕድር ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ብድግ ይልና ስለ ሎሚ ይተርታል። ሰሚውም አንገቱን ነቅንቆ እጅጌውን ይሰበስባል። ለምን ድንጋይ አልተባለም፣ ለምን ጤፍ አልተባለም ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። የጠየቀ የጓንጉልን ነገር ይሰማል።

ጓንጉል ወይን አምባ በምትባል ዳገት ላይ በተቀመጠች መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር። ብርቱ ሰው ነው፤ ሲያርስ በሬዎቹ ይደክማሉ እንጂ እሱ አይደክምም። ሚስቱ ጥሩዓይኔ ትባላለች። ተጋብተው ብዙ ዘመን ልጅ አላገኙም። የጎረቤቱን ክርስትና ሁሉ በልተዋል፣ የሰውን ልጅ ሁሉ ስመዋል፤ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን ሮጦ የሚቀበላቸው ልጅ የለም። ታዲያ አንድ ቀን እንዲሁ ክርስትና ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ አስካለ የምትባል ጎረቤታቸው፣ ምላሷ ሐሳቧን የሚቀድም ሴት፣ ወጥ እየጨመረችለት፣ "ብላ እንጂ ጓንጉል፤ ያንተን ድግስ እንደሆነ የምናየው አይመስለኝም" አለችው። ለቀልድ ነበር። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። ጥሩዓይኔ እጇን ከመሶቡ ሰበሰበች። ጓንጉል ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂም ቋጠረ።

እግዜር ሲሰጥ ማንንም አያማክርምና ጥሩዓይኔ ጊዜው አለፈ ከተባለ በኋላ ፀነሰች። ምጡ ግን ጸናባት። አዋላጆቹ ተስፋ ቆርጠው እርስ በርስ ሲተያዩ ጓንጉል ደጅ ላይ ተደፍቶ፣ "እመቤቴ ማርያም፣ ሁለቱን ካተረፍሽልኝ በክርስትናው ዕለት አገር የሚጠግብበት የምስጋና ድግስ እደግሳለሁ" ብሎ ተሳለ። ሁለቱም ተረፉ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ዐይኗ የእናቷ፣ ድምጿ የአባቷ። ጥሩዓይኔ ግን አቅሟ ቶሎ አልተመለሰም፤ ክርስትናው ሲቃረብ እንኳ ልጇን ታቅፋ ደጅ ከመቀመጥ አላለፈችም።

በወይን አምባ ድግስ ያለበት ቤት ጎረቤት ሳይጠራ ይገባል። አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አንዷ ሊጥ ታቦካለች፣ ወንዶቹ እንጨት ይፈልጣሉ። እንደ ወጉ ሊያግዙ ሲመጡ ጓንጉል በሩ ላይ ቆመ።

"በዚህ ድግስ የማንም እጅ አይገባበትም። እኔው እገዛለሁ፣ እኔው እሠራለሁ። እናንተ እሑድ ኑና አናየውም ያላችሁትን ድግስ እዩት" አላቸው።

አስካለ ከሰዎቹ ኋላ ነበረች። ነገሩ ለማን እንደሆነ ገባትና አንገቷን ደፋች። ሰዎቹ ተያይተው ተመለሱ። አትምጡ ከተባለ በኋላ ማን ይመጣል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓንጉል ወደ ገበያ ለመውረድ አህያውን ሲያሰናዳ ጥሩዓይኔ ጠራችው።

"ዶሮውን ማን ያጥባል?"

"እኔ።"

"ሽንኩርቱንስ ማን ይከትፋል?"

"እኔ ነኛ።"

"እንጀራውንስ?"

እዚህ ላይ ራሱን አከከ። "ሊጡን አቡክቼው የለ? መጋገሩንም ቢሆን ማን ከልክሎኝ" አለ።

ጥሩዓይኔ ሳቋ መጣ፤ ግን አልሳቀችም። "ጌታዬ፣ ነገ እንግዳው መጥቶ ሳይበላ ቢመለስ የሚታማው ያንተ እልህ አይደለም። 'የዚያች ልጅ ክርስትና' ነው የሚባለው። ይህች ምስኪን ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች። ለእመቤቴስ ምን ብለን ልንነግራት ነው?"

ነገሩ ልቡ ገብቷል። እልህ የያዘው ሰው ግን ልቡ የገባውን እግሩ አይሰማምና፣ "ታያለሽ" ብሏት ወረደ።

እውነቱን እንናገር፤ ገበያ ያውቅበታል። ሽንኩርቱን ጨብጦ፣ ቅቤውን ቀምሶ፣ ዶሮውን አንሥቶ ሥጋውን ዳብሶ፣ እንቁላሉን ወደ ፀሐይ አድርጎ እያየ ገበያውን እንደ ማሳው አገላበጠው። ቅቤ ሻጯ፣ "ምነው፣ ሚስትህ የለችም እንዴ?" ብትለው፣ "አራስ ናት" አለ ደረቱን ነፍቶ። ይህችን ቃል ለመናገር ሲል ብቻ የማይገዛውን ዕቃ ሁሉ ዋጋ ጠየቀ። በርበሬ ሻጩ ዘንድ "አራስ ናት"፣ እንስራ ሻጯ ዘንድ "አራስ ናት"። ያን ያህል ዘመን አፉ ውስጥ ታፍና የኖረች ቃል ናትና ማን ይፈርድበታል?

አህያው ተጭኖ፣ ዶሮዎቹ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው ሊወጣ ሲል ሎሚ ትዝ አለው። ያለ ሎሚና ጨው የታጠበ ዶሮ ለሰው አይቀርብም፤ ይህን ወንዱም ያውቀዋል። ከቆላ የመጣች ሎሚ ሻጭ እንቅቧን ይዛ ልትነሳ ስትል ደረሰባት።

"ለዶሮ የሚሆን ጥቂት ስጪኝ።"

"ጥቂት ብሎ ነገር የለም። የቀረኝ ሃምሳ ነው፤ ጠቅልለህ ውሰድልኝ። ቆላ ድረስ ተሸክሜው አልወርድም።"

ዋጋውን ስትነግረው ጓንጉል በደስታ ሊስቅባት ምንም አልቀረው። በነጻ ከመስጠት ብዙም አይርቅም። ወዲያው ተስማማ።

"በምን ልትይዘው ነው? አህያው ላይ እንደሆነ ቦታ የለህም" አለችው።

"በጋቢዬ።"

"ዳገት የለብህም?"

"እህቴ፣ ሎሚ እኮ ነው።"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" ብላ ቆጥራ አስረከበችውና ባዶ እንቅቧን ይዛ ሄደች።

ጓንጉል ባንድ እጁ የአህያውን ገመድ፣ ባንድ እጁ ሎሚ የተቋጠረበትን ጋቢ ይዞ ዳገቱን ያዘው። ሎሚው አልከበደውም፤ እጁን ግን ያዘበት። ላቡ ዐይኑ ሲገባ በምን ይጥረገው? ጭነቱ ሲዘነበል በምን ያቅናው? መንገድ ላይ አባ ውቤን አገኛቸው። አባ ውቤ አገር ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው።

"ጓንጉል፣ የጋቢህን አንዱን ጫፍ ልያዝልህ?"

"አይ አባቴ፣ ሎሚ ነው።"

"መሆኑንስ አይቻለሁ" አሉና ምርኩዛቸውን ተክለው ከኋላው ቀስ ብለው ወጡ።

መንገዱ ጠቦ ገደሉ አፉን ከከፈተበት ቦታ ሲደርሱ፣ ካንጠለጠላቸው ዶሮዎች አንዱ አውራ ክንፉን አራግፎ የአህያውን ጎን በጥፍሩ ቧጠጠው። አህያው ወደ ገደሉ ዘለለ። ጓንጉል ሁለት እጁን ገመዱ ላይ ጣለ። አህያው ተረፈ። ጋቢው ግን ተፈታና ሃምሳው ሎሚ ዳገቱን ቁልቁል ወረደ።

ቅዳሜ ነውና ዳገቱ ከገበያ በሚመለስ የወይን አምባ ሰው ሞልቷል። ሎሚው በሰው እግር መሀል እየዘለለ፣ በየድንጋዩ ሥር እየተወተፈ ተበተነ። ጓንጉል አህያውን ቢለቅ ዶሮውም ቅቤውም ገደል ሊገባ ነው፤ ቢይዝ ሎሚው ተመልሶ ገበያ ሊወርድ ነው። አንዱን አንሥቶ ብብቱ ሥር ይከታል፤ ሌላውን ሊያነሳ ሲጎነበስ ያም ይወድቃል። በመጨረሻ ቆመ። ቤት ቢደርስስ? ያልታረደ ዶሮ፣ ያልተከተፈ ሽንኩርት፣ ያልተጋገረ ሊጥ። ነገ ደግሞ እሑድ ነው። ልጁ ትዝ አለችውና ሆድ ባሰው። ያ ብርቱ ሰው ገመዱን ይዞ አለቀሰ።

አንዱ ሎሚ ተንከባልሎ ሄዶ አስካለ እግር ሥር ቆመ። አነሳችው።

"ወዲህ ስጪኝ" አላት ጓንጉል።

"አልሰጥህም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው ለባለቤቱ ቤቱ ድረስ ነው የሚያደርሰው። ወጉ ይኸው ነው። የድግሱ ቤት ባለቤት ጥሩዓይኔ ናት፤ በእጇ እሰጣታለሁ።"

"የማንም እጅ አይገባበትም ብያለሁ።"

"ላግዝህ ያለህ ማን ነው? ዕቃህን ልመልስ ነው ያልኩህ" አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ጓንጉል፣ ያን ቀን የተናገርኩትን መልሼ ብውጠው በወደድኩ። ከዚያ ወዲህ ማርያም ደጅ በሄድኩ ቁጥር የለመንኳት ለጥሩዓይኔ ነው። በድዬሃለሁ። ልጅቷን ሳላያት አታስቀረኝ።"

ጓንጉል ገመዱን እንደያዘ ወደ አስካለ ዞረ። ቂሙን ቢፈልገው ቦታው ላይ አጣው። "እሺ" አለ በመጨረሻ።

ይህን የሰማ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ገባው። አትምጡ ከተባሉ በኋላ መሄድ ነውር ነው፤ የሰው ዕቃ ይዞ መቅረት ግን የባሰ ነውር ነው። በአንድ ጊዜ ዳገቱ ሁሉ ሎሚ ፈላጊ ሆነ። ያገኘ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ያላገኘ ቁጥቋጦ ይገልጣል። ሁለት ሴቶች፣ "እኔ ነኝ ቀድሜ ያየሁት" ተባብለው ባንድ ሎሚ ሊጣሉ ደረሱ። አባ ውቤም ጎንበስ ብለው የራሳቸውን አነሡ። ከዚያ ሃምሳው ሎሚ በሃምሳ ሰው እጅ ሆኖ ሰልፉ ዳገቱን ወጣ። ኮረዶቹ ሎሚያቸውን እያሸተቱ፣ ጎረምሶቹ ወደ ላይ እየወረወሩ እየቀለቡ፣ አንዱ ዘፈን አውጥቶ ሌላው እየተቀበለ። ለሚያያቸው በሚዜ የታጀበ ሙሽራ የሚመጣ ይመስላል። ጓንጉል ከፊት አህያውን እየሳበ፣ ባዶ እጁን እያወዛወዘ ይሄዳል።

ጥሩዓይኔ ልጇን ታቅፋ ደጅ ተቀምጣ ነበር። ሰው ሲጎርፍ ስታይ ክፉ ነገር የመጣ መስሏት ደነገጠች። አስካለ ቀድማ ደርሳ ሎሚውን በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እህቴ። ዕቃሽ ወድቆ አግኝተን ነው።"

ጥሩዓይኔ ሎሚውን ተቀብላ ወደ ባሏ ቀና አለች። ጓንጉል መሬት መሬት ያያል። ገባት። "ግቡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?" አለች፤ እንባዋና ሳቋ ተቀላቅሎ።

አንዴ ደጁን ካለፉ በኋላ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ማን አለ? ዶሮው ታረደ፣ ተገነጠለ፣ በሎሚና በጨው ታጠበ። ሃምሳውም ሎሚ ሥራ አላጣም። ሊጡ ለየቤቱ ተከፋፍሎ ወጣና እንጀራ ሆኖ ተመለሰ። ጓንጉል ከሴቶቹ መሀል ተቀምጦ ሽንኩርት ሲከትፍ እንባው ወረደ። "ሽንኩርቱ ነው" አለ። ማንም አላመነውም።

እሑድ ልጅቱ ተጠምቃ ስትመለስ ቤቱም ደጁም ሞላ። የሩቅ ዘመድ በላ፣ መንገደኛ በላ፣ ደጅ የቆመ ነዳይ በልቶ መረቀ፤ ወጡ ግን አላልቅ አለ። እልልታው ታች ገበያው ድረስ ተሰማ። አማቹ፣ የጥሩዓይኔ አባት፣ ይህን አይተው ተገረሙ።

"ልጄ፣ ሚስትህ ደካማ ናት፤ ይህን ሁሉ በማን አቅም ደገስከው?"

ጓንጉል ብድግ አለ። ልጁን ከሚስቱ ክንድ ተቀበለና በሰው ሁሉ ፊት አስካለን አስታቀፋት። "የኔ አቅምማ ዳገቱ ላይ ቀረ። ስለቴን የከፈሉልኝ እነዚህ ናቸው" አለ። አስካለ ልጅቱን ደረቷ ላይ ይዛ እልልታዋን ስታቀልጠው ቤቱ ተቀበላት፤ ጥሩዓይኔም ከተወለደች ወዲህ እንደዚያ ቀን እልል አላለችም።

ጩኸቱ በረድ ሲል አባ ውቤ የጠጅ ብርሌያቸውን ይዘው ለምርቃት ተነሡ፤ ጓንጉልን ትክ ብለው አይተው ፈገግ አሉና፣ "ትናንት ዳገቱ ላይ በዐይኔ ያየሁትን ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሩልኝ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው" አሉ።