ቀይዋ መስመር

በልጉ አልዘነበም። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ገብቶም በሦስት ሳምንት ተቋረጠ። ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ። ከብት በርካሽ ተሸጠ፤ ያልተሸጠው ሞተ። በኅዳር ሰዉ ለእርዳታ እህል ሊመዘገብ ወደ ከተማ ይወርድ ጀመር። የሁለት ቀን መንገድ በእግሩ የመጣም ነበረ።

በዚያች ከተማ፣ በእህል ማከፋፈያው መሥሪያ ቤት፣ አንድ ሰው ነበር። ደጀኔ ይባላል። ሥራው የተረጂዎቹን መዝገብ በኮምፒውተር መያዝ ነው።

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። ደጀኔ ከአንድ ወንበር ላይ ሆኖ ሁለት ኮምፒውተር ያዝዛል። አንዱ እውነተኛው ነው፤ አራት ሺህ አባወራ ሰፍሮበታል። ሌላው የመለማመጃ ነው፤ ጽፈው፣ አጥፍተው ይሞክሩበታል። በስክሪኑ ላይ ለሁለቱም አንድ አንድ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። በመስኮቱ ውስጥ አንዲት አጭር መስመር ብቅ ትላለች፤ “እሺ፣ እዘዘኝ” እንደ ማለት ናት። ከእርሷ ቀጥሎ የተጻፈ ትእዛዝ ሁሉ ይፈጸማል። “እርግጠኛ ነህ ወይ?” ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መስመሯ ደግሞ በሁለቱም መስኮት አንድ ዓይነት ነበረች። ነጭ ናት። የማን እንደ ሆነች፣ የት እንዳለች አትናገርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጀኔ የመለማመጃውን መዝገብ ለማጥፋት ትእዛዝ ጻፈ። ቁልፉን ተጫነ። የጻፈው ግን በሌላኛው መስኮት ነበር።

አራት ሺህ አባወራ ጠፋ።

የተቀመጠው ቅጂ የሦስት ወር አሮጌ ነበር። በር ላይ የተሰለፈው ሕዝብ እንደገና ይመዝገብ ተባለ። ስድስት ቀን ፈጀ። ስድስት ቀን ለራብተኛ ስንት ነው? እናንተ ቁጠሩት።

ማን አጠፋው? በዚያ ክፍል ሁለት ሠራተኞች ነበሩ፤ ደጀኔና እታገኝ። ሁለቱም ወደ ኮምፒውተሩ የሚገቡት በአንድ የጋራ ስም ነው፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ምስክር ሊሆን አልቻለም። የዚያን ሰዓት ተረኛ ሆና የፈረመችው እታገኝ ነበረች። እርሷ ሰልፉን ልታስተካክል ስትወጣ ደጀኔ በወንበሯ ተቀምጦ ነበር፤ ያየው ሰው አልነበረም።

“እኔ ውጭ ነበርኩ” አለች።

“ክፍቱን ትተሽው ከወጣሽ ያው ነው” አሏት ኃላፊው አቶ ንጋቱ። ወደ ደጀኔም ዞሩ። “አንተስ?”

ደጀኔ መሬት መሬት አየ። “እኔ የማውቀው ነገር የለም።”

እታገኝ ከኮምፒውተሩ ክፍል ወጣች። መጋዘን በር ላይ ቆማ፣ በጠመኔ ምልክት እያደረገች፣ ጆንያ ቆጣሪ ሆነች።

ደጀኔ ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓቱን ወንበሩ ላይ ያሳልፍ ጀመር። ያቺን ስም የለሽ መስመር ሊቀይራት ተነሣ። የመስመሯ መልክ የሚጻፍበት ፋይል አለ፤ እርሱን ከፍቶ ይሞክራል፣ ይሳሳታል። አንዴ ቀለሙ የሚያበቃበትን ምልክት ሳይጽፍ ቀረና ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ሆነ። አንዴ ደግሞ ሰዓቱንም፣ ቀኑንም፣ ሁሉንም ልጨምር ሲል መስመሯ ረዝማ ለትእዛዙ መጻፊያ ቦታ ጠፋ። ቀነሰ። በመጨረሻ አራት ነገር ቀረ። ትእዛዝ የሚሰጠው ማን ነው? በየትኛው ኮምፒውተር ላይ ነው? በየትኛው ማኅደር ውስጥ ቆሟል? ያለፈው ትእዛዝ ተሳክቷል ወይስ ከሽፏል? የመለማመጃውን መስመር አረንጓዴ አደረጋት። የእውነተኛውን ቀይ። የጋራ ስሙንም አስቀረ፤ ሁሉም በገዛ ስሙ ይግባ አለ።

አቶ ንጋቱ አይተው ሳቁ። “ምነው ደጀኔ፣ ሰርግ ደገስክ እንዴ? ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ቀለም?”

“የት እንዳለሁ እንዳልረሳ ነው፣ ጋሼ።”

“ወንበርህ ላይ ነሃ! ሌላ የት ልትሆን ኖሯል?”

ይሳቁ። እናንተ ግን ይህን ሰው እዩልኝ። ሌላው ቢሆን “ሁለተኛ አይለምደኝም፣ እጠነቀቃለሁ” ብሎ ምሎ ይቀመጥ ነበር። ደጀኔ ጥንቃቄ እንደሚደክም ተረዳ። ዓይኑ በሚደክምበት ቀን የሚያስቆመውን ነገር፣ ዓይኑ ደህና ሳለ አበጀ። ይህ አይደነቅም?

ሦስት ዓመት አለፈ፤ መዝገቡም ሰባት ሺህ አባወራ ደረሰ። አንድ ቀን አቶ ንጋቱ “እስቲ ተነሣልኝ፣ የመለማመጃውን ላጽዳው” ብለው በደጀኔ ወንበር ተቀመጡ። ትእዛዙን ጻፉ። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ሊያርፍ ሲል ቆመ።

“ደጀኔ፣ ይሄ ቀይ ነው።”

“እውነተኛው ነው፣ ጋሼ።”

እሳት እንደ ነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። “ሰባት ሺህ ቤት ላስርብ ነበር! እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ።” የጻፉትን ትእዛዝ አጥፍተውም፣ “ይቺ መስመር ያኔ ብትኖር ኖሮ እታገኝም ያን ጥፋት ባላጠፋች” አሉ።

ደጀኔ ስክሪኑን አየ። ቀይዋ መስመር የገዛ ስሙን ይዛ ቆማለች።

እዚህ ላይ ቁሙ፣ ወገኖቼ። ሰው ሲያመሰግናችሁ ማን ናችሁ? የት ነው የቆማችሁት? ያለፈው ሥራችሁ ተሳክቷል ወይስ ከሽፏል? ደጀኔ ዝም ቢል ማን ያውቅበታል? እናንተስ ዝም ያላችሁት ማንም አያውቅም ብላችሁ አይደለም?

“እታገኝ አይደለችም” አለ። “እኔ ነኝ።”

አቶ ንጋቱ ከወንበሩ ተነሡ። “የምትለውን ታውቃለህ? ወንበርህን ታጣለህ።”

“አውቃለሁ።”

ወደ መጋዘኑ ሄደ፤ አቶ ንጋቱም ተከተሉት። እታገኝ ከመኪና የሚወርድ ጆንያ ትቆጥራለች። “አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፣ ቆይ፣ አታቋርጠኝ።” መኪናው እስኪራገፍ ቆሞ ጠበቃት። ከዚያም ነገራት።

እታገኝ ወደ ሸክም አውራጆቹ አየች። “ድምፅህ አይሰማም” አለችው። “በእኔ ሲፈረድ እኮ ሁሉም ሰምቷል።”

ደጀኔ ወደ ሸክም አውራጆቹ ዞረ። “መዝገቡን ያጠፋሁት እኔ ነኝ! እታገኝ እጇ የለበትም!” ብሎ ጮኸ። አውራጆቹ ሥራቸውን አቆሙ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ።

እታገኝ መቁጠሪያ ጠመኔዋን በደጀኔ መዳፍ ላይ አኖረች። “በል ቁጠር። ሌላ መኪና ደርሷል።” ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ሄደች። አቶ ንጋቱ መንገድ ለቀቁላት።

እናንተም፣ በእናንተ ፈንታ መጋዘን በር ላይ የቆመ ሰው ካለ፣ ዛሬ ቤታችሁ ሳትገቡ በዚያ በኩል እለፉ። ሥራውን እስኪጨርስ ጠብቁት። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ተናገሩ፤ ጠመኔውንም ተቀበሉት።