የዳቦ ጋጋሪው ምድጃና አሥራ ሦስቱ እንቁላሎች

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቦታ አይጠፋም። እኛ አገር ነገርን ሁሉ በአንድ ብልሃት የሚጨርስ የሚመስለው ሰው ሲገኝ የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። ከሊቅ አፍ የወጣች እንዳይመስላችሁ፤ የወጣችው ከዳቦ ቤት ነው።

ቆቦ ውስጥ ደምመላሽ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ ነበር። እጁ የተባረከ ነው፤ አፉ ግን ትንሽ ይቀድመዋል። አንድ ዓመት ፈንግል ገብቶ የሰፈሩን ዶሮ ሲፈጅ፣ ለሚስቱ ለዘርትሁን አንዲት ገብስማ ዶሮ ብቻ ተረፈቻት። እናቷ ሲድሯት ከሰጧት ዶሮ የመጣች፣ የዘሩ መጨረሻ ናት። ይህችው ዶሮ አሥራ ሦስት እንቁላል ታቅፋ ሳምንት እንደሞላት ሸለምጥማጥ በላት።

ዘርትሁን ገና ያልቀዘቀዙትን እንቁላሎች በነጠላዋ ይዛ ቆመች። ጎረቤቷ እትዬ አልጣሽ አዩና፣ «እኔ ዘንድ የምትታቀፍ ዶሮ አለች። ከሥሯ እናግባቸውና የሚፈለፈለውን እንደ ደንቡ እኩል እንካፈላለን» አሉ።

ደምመላሽ ሳቀ። «እትዬ፣ መቶ ዳቦ በአንዴ የሚያስነሳ ምድጃ እያለኝ የዶሮ ክንፍ ልለምን? ከሙቀት ሌላ ዶሮ ምን ትሰጣለች?»

«ዶሮዋን ጠይቃት» አሉ እትዬ አልጣሽ።

ዘርትሁን ባሏን ትክ ብላ አየችው። «ደምመላሽ፣ ከእናቴ የቀረኝ ይኸው ነው።»

«ሃያ አንደኛው ቀን ላይ ጫጩት ባላስረክብሽ ዳቦ ጋጋሪ ብለሽ አትጥሪኝ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰውየው ዝንጉ አልነበረም። ከምድጃው ጀርባ፣ ግድግዳው ለብ ከሚልበት ዘንድ፣ የእንጨት ሳጥን አስቀምጦ የጤፍ ጭድ ጎዘጎዘበት። ጤና ጣቢያ ከሚሠራ ወዳጁ ቴርሞሜትር ተውሶ ውስጡ አንጠለጠለ። ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ገደማ ይሁን ተብሏል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ሳጥኑን ወደ ግድግዳው ያስጠጋል፣ ሲወጣ ያርቃል። የእንቁላሎቹ አንድ ጎን ላይ በከሰል ምልክት አድርጎ በቀን ሦስቴ ያገላብጣል። እሑድ እንኳ እሳቱን አላጠፋም። ዘርትሁን ምሳ ስታመጣለት አንዱን እንቁላል ወደ ብርሃን ከፍ ያደርግላታል፤ ውስጡ የጠቆረው ነገር ሲላወስ ስታይ ትስቃለች። ለዚያች ሳቅ ሲል ሰውየው እንቅልፉንም ረሳ።

ዶሮዋ ከታቀፈች በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ከሳጥኑ ውስጥ ጪው ጪው የሚል ድምፅ ተሰማ። አራት እንቁላሎች ተሰንጥቀዋል። ቀትር ሆነ፤ ስንጥቁ አልሰፋም። ከአንዱ ቀዳዳ ብቅ ያለች ምንቃር ከፈት ከደን ስትል ቆይታ ጸጥ አለች።

«በርዷቸው ነው» አለና እንጨት ጨመረ። ቁጥሩ ከሠላሳ ዘጠኝ አለፈ። ያቺኑ እንቁላል በጥፍሩ ልጦ ቢከፍታት ጫጩቷ ሞታለች፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን እንደ ብራና ደርቆ ገላዋ ላይ ተጣብቋል።

ዘርትሁን አየችና የሞተችውን ጫጩት በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለቻት። ይህ ከስድብ ከበደበት። ሽርጡን ሳይፈታ እትዬ አልጣሽ ደጅ ደረሰ።

«እትዬ፣ አፌ ነው የጣለኝ፤ ይድረሱልኝ።»

«አፍህን ኋላ እንገሥጸዋለን። አሁን ቅደምና ምራኝ።»

ዳቦ ቤት እንደገቡ እጃቸውን ሳጥኑ ውስጥ ሰድደው ጭዱን ጨበጡት፤ ተንኮሻኮሸ። ዞር ሲሉ፣ ያልተጋገረ ሊጥ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል።

«ይህን ለምን ሸፈንከው?»

«ፊቱ እንዳይደርቅ ነዋ። ከደረቀ ይጠነክርና አይነ…» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ቀረ።

«ለሊጥ ያዘንከውን ለነዚህ ብታዝን ምናለ? ዶሮ እኮ ውኃ ጠጥታ፣ ጤዛ ረግጣ፣ ሆዷን አርጥባ ነው ወደ እንቁላሏ የምትመለስ። የአንተ ግድግዳ መቼ ወንዝ ወርዶ ያውቃል?»

የጨመረውን እንጨት አስወጡት። ለብ ያለ ውኃ በሳህን ሳጥኑ ጥግ አስቀመጡ፤ ጨርቅ ነክረው፣ ጨምቀው፣ የሳጥኑን አፍ በከፊል ሸፈኑበት። «ጨርሰህ እንዳትዘጋው፤ ይተነፍሳሉ። ውኃውንም እንዳታበዛው፤ ሲያንስ ያንቃል፣ ሲበዛ ያሰጥማል።» ደምመላሽ ሌላዋን እንቁላል ሊልጥ ጣቱን ቢልክ እጁን ቸብ አደረጉት። «ሂድ ዳቦህን ሽጥ። በከፈትከው ቁጥር እርጥበቱ ያመልጣል።»

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑ ሲከፈት ሰባት ጫጩቶች ጭዱ ላይ ይንፈራገጣሉ። አምስቱ እንቁላል እንደተዘጋ ቀረ። ዘርትሁን ሰባቱን እየቆጠረች ሳቀች፤ ቆጥራም አልጠገበች፣ ደግማ ቆጠረች። እናት ያሻቸዋልና ጫጩቶቹን ወስደው ከእትዬ አልጣሽ ዶሮ ሥር ከተቷቸው፤ ዶሮዋም የራሷ አድርጋ ተቀበለቻቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ዶሮዋ ሰባቱን አስከትላ በዳቦ ቤቱ ደጃፍ ስታልፍ ደምመላሽ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ መቼም ምድጃዬም ድርሻ አለው፤ ያን ሁሉ ቀን ያሞቃቸው እሱ ነው» አለ። እትዬ አልጣሽ ዶሮዋን በዓይናቸው እየሸኙ የመለሱለትን፣ ልጆቼ፣ እባካችሁ እናንተም አትርሱብኝ፦ «ሙቀት ብቻ ቢፈለፍል፣ ምድጃ ጫጩት ባስከተለ።»