ዘርፌና አልታይም ያለው ሰሌዳ

ተረት ተረት ብዬ እንዳልጀምር፣ ነገሩ የዘንድሮ ነው። ወሬ ነው ብዬ እንዳልተወው፣ መልኩ ተረት ነው። እንግዲህ እናንተ "እህ?" እያላችሁ ስሙኝ፤ እኔም አንዱን ባንዱ እያያዝኩ ልንገራችሁ።

ዘርፌ የምትባል የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከነገር ጀርባ ያለውን ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሰዓት ሲቆም ፈትታ ታያለች፤ ሰው ሲያኮርፍ ለምን እንዳኮረፈ ትጠይቃለች። በዚያ ዓመት ግን የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ማየት። ፊት ወንበር ብትቀመጥ ጭጋግ፣ ዓይኗን ብትታጠብ ጭጋግ። የመጀመሪያው ፈተና ከሰሌዳው ቁጥር አሳስታ በመገልበጧ ተበላሽቶባታል። ሁለተኛውም እንዲሁ ከሆነ ከግቢው መሰናበቷ ነው።

የግቢው ክሊኒክ መርምሮ የመነጽሯን ልክ ጻፈላት። መነጽር ሻጩ ግን ገንዘቡን ሳላይ መነጽሩን አልሰጥም አላት። ዘርፌ የግቢው ካፌ አትመገብም፤ የምግቧን ገንዘብ በየወሩ ከግቢው በእጇ ትቀበላለች። አብራት የምታድረው ነጃት ገንዘብ አያያዝ የምታውቅ ልጅ ናትና እንደገባ ትከፋፍልላታለች፤ ይሄ ለምግብ፣ ይሄ ለፎቶ ኮፒ፣ ይሄ ለሳሙና። ዘርፌ ቁርሷን ትታ ልታጠራቅም ብታስብ ነጃት አልተስማማችም።

"ከሆድሽ ቆርጠሽ ዓይንሽን አታድኚውም" አለቻት።

አባቷን እንዳትጠይቅ፣ ጋሪ ነጂ ናቸው፤ ፈረሳቸው በክረምቱ ሞቶባቸዋል። እንዲህ ሆነና መነጽሩ አልመጣም አለ፤ ሰሌዳውም አልታይም አለ።

ነጃት በግቢው ውስጥ ለተቸገሩ ተማሪዎች ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ እንዳለ ሰምታ ነበር። ዘርፌ ሄደች። የቢሮው ኃላፊ በደንብ ሰሟትና ቤተሰቧ አቅም እንደሌለው የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ካላመጣች እንደማይመዘግቧት ነገሯት። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ሌላ ሰው ቢሆን ቢሮክራሲ ብሎ ይነጫነጭ ነበር። ዘርፌ ደብዳቤው ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀች። ኃላፊዋም ገንዘቡ ጥቂት፣ ጠያቂው ብዙ መሆኑን፣ አንዴም ለማይገባው ሰጥተው የሚገባው ተማሪ አቋርጦ እንደሄደባቸው ነገሯት። እሷም እውነት አላቸው አለች። እውነት ቢኖራቸውም መዝገቡ አልገለጥም አለ፤ መነጽሩ አልመጣም አለ፤ ሰሌዳውም አልታይም አለ።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ አገሯ ወይራ ውኃ ገባች። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ የፈረሱን መሞት ያውቁ ነበርና ደብዳቤውን ወዲያው ጻፉላት። ፈርመውም ሲያበቁ የተቆለፈውን ቁም ሣጥን በጣታቸው አሳዩአት።

"ማኅተሙ እዚያ ውስጥ ነው፤ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ደግሞ ሰላምታ ነው" አሏት።

ቁልፉን የያዙት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ጥሩዬ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ አልገቡም። ስለዚህ ማኅተሙ አልመታም አለ፤ መዝገቡ አልገለጥም አለ፤ መነጽሩ አልመጣም አለ፤ ሰሌዳውም አልታይም አለ።

ዘርፌ ወደ ወይዘሮ ጥሩዬ ቤት ሄደች። ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ፣ በሩን በጀርባቸው ዘግተው ተቀምጠዋል። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው፤ ለሌላ ሰው እጅ እንዳይሰጡ ፈርመውበታል። እሳቸው ራሳቸው እንዳይሄዱ ደግሞ አባታቸውን፣ አባባ ይመርን፣ ትተው መነሳት አልቻሉም። ሽማግሌው ከወንዙ ማዶ ያለ ወዳጃቸውን ካላየሁ ብለው በየቀኑ ይነሳሉ። እሑድ ዕለት ጎረቤት እየጠበቀቻቸው አምልጠው ወርደው፣ ውኃው ጉልበታቸው ሲደርስ ነው ሰው የደረሰላቸው። ዘርፌ እኔ ልጠብቃቸው ብትል ወይዘሮ ጥሩዬ አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷም ከሽማግሌው ፊት ቁጭ አለችና ምን ቢሆን ቤት እንደሚቀመጡ ጠየቀቻቸው።

አባባ ይመር ቀና ብለው አዩአት። "እስከ ዛሬ ና ተቀመጥ እንጂ ምን ቢሆን ትቀመጣለህ ያለኝ የለም" አሉ። "ካሳዬ ይምጣ። ገበጣችንን በጅምር ትቶት ነው የሄደው። እሱ ካልመጣ እኔ እሄዳለሁ።"

እንዲህ ሆነና ሽማግሌው አልቀመጥም አሉ፤ ቁልፉ አልዞርም አለ፤ ማኅተሙ አልመታም አለ፤ መዝገቡ አልገለጥም አለ፤ መነጽሩ አልመጣም አለ፤ ሰሌዳውም አልታይም አለ።

ዘርፌ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በድንጋይ ላይ እየተረማመደች ወንዙን ተሻገረች። አባባ ካሳዬን ከቤታቸው ጥግ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። አኩርፈው ይሆናል ብላ ነበር የሄደችው፤ አላኮረፉም። አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ጎርፉ የእንጨቱን ድልድይ ከወሰደው ወዲህ ወደ ማዶ እየተመለከቱ ይውላሉ። ሰው ተሸክሞ ያሻግርዎት ቢሏቸው በስተርጅና አልታዘልም ብለዋል። አባባ ይመር ወንዝ እንደገቡ ግን የነገራቸው አልነበረም፤ ከዘርፌ ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ፤ ብዙም ሳይናገሩ በትራቸውን ፈለጉ፣ ተነሡም፣ መልሰው ተቀመጡ። ድልድይ ከሌለ ወዳጅ አልሻገርም አሉ፤ ሽማግሌው አልቀመጥም አሉ፤ ቁልፉ አልዞርም አለ፤ ማኅተሙ አልመታም አለ፤ መዝገቡ አልገለጥም አለ፤ መነጽሩ አልመጣም አለ፤ ሰሌዳውም አልታይም አለ።

ድልድዩን የሚሠራው አናጢው ጋሽ ሙሄ ነው። ዘርፌ ስትደርስ መጋዙን እየሞረደ ነበር። ሚስማሩ ተገዝቷል፤ የሠፈሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቷል። የጠፋው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ ቀጥ ያለ ግንድ ነው። እንዲያ ያለ ባሕር ዛፍ ያለው ወይዘሮ ይርገዱ ጓሮ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በዋጋም ቢሆን አላስቆርጥም ብለዋል። ለምን ብለው እንደሆነ ዘርፌ ብትጠይቀው ጋሽ ሙሄ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ሠፈሩ ንፉግ ናቸው ይላል እንጂ የጠየቃቸው ሰው መኖሩን አያውቅም። በዚህም በዚያም ድልድዩ አልጋደምም አለ፤ ወዳጅ አልሻገርም አሉ፤ ሽማግሌው አልቀመጥም አሉ፤ ቁልፉ አልዞርም አለ፤ ማኅተሙ አልመታም አለ፤ መዝገቡ አልገለጥም አለ፤ መነጽሩ አልመጣም አለ፤ ሰሌዳውም አልታይም አለ።

ወይዘሮ ይርገዱ ዘርፌን በደጅ ነው የተቀበሏት። ስለ ዛፍ ከሆነ የመጣሽው ተመለሽ አሏት፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ። ዘርፌ ዛፉን አልጠየቀችም። ዛፎቹን ለምን እንደሚያስቀምጧቸው ማወቅ ብቻ እንደፈለገች ነገረቻቸው። ሴትዮዋ በምን ሥራ ላይ እንዳለች ጠየቋት። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ስትላቸው ግን ክንዷን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧት።

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ልጃቸው እመቤት የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን አልፋለች። ከከተማ የመጣ አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ይበላል፣ ዛፉንም መሬቱንም ሸጣችሁም አይበቃም ብሏቸው ሄዷል። ስንት እንደሆነ የሚነግራቸው አጡ። ደፍረው እንዳይጠይቁ፣ የሌላቸው መሆኑ እንዳይታወቅባቸው ፈሩ። ስለዚህ አንድም ዛፍ ሳይነኩ ተቀመጡ። የወጪውን ልክ ሳላውቅ ዛፉን አላስቆርጥም አሉ፤ ዛፉ ካልተቆረጠ ድልድዩ አልጋደምም አለ፤ ወዳጅ አልሻገርም አሉ፤ ሽማግሌው አልቀመጥም አሉ፤ ቁልፉ አልዞርም አለ፤ ማኅተሙ አልመታም አለ፤ መዝገቡ አልገለጥም አለ፤ መነጽሩ አልመጣም አለ፤ ሰሌዳውም አልታይም አለ።

"እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ" አሉ ወይዘሮ ይርገዱ። "የማልችለው ከሆነ ቅሪ ልላት ነው። እስካሁን አፌ እምቢ ብሎኝ ነው።"

ከጓዳው በር ኋላ እመቤት ትንፋሿን ይዛ ቆማለች። ዘርፌ የቀሚሷን ጫፍ አየችው፤ እንዳላየች ሆነች።

"እማማ፣ ስትገባ የሚከፈል የለም" አለቻቸው። "ወጪ መጋራት የሚባል ውል ትፈርማለች። መኝታዋንና ምግቧን ከግቢው ታገኛለች። ዕዳ የለም ግን አልልዎትም፤ አለ። ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ጥቂት ጥቂት እየተቆረጠ ይከፈላል እንጂ የእርስዎን ዛፍ የሚጠይቅ የለም።"

"ታዲያ ባዶ እጇን ትሂድ?"

ባዶ እጇንማ አትሂድ። ዘርፌ እሷ ስትገባ የቸገራትን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ብርድ ልብስና አንሶላ ትያዝ፤ ባልዲ ትያዝ፤ ለመንገድ ይኑራት። ከዚያ ወዲያ ፎቶ ኮፒና ሳሙና ነው የሚያስቸግረው፤ እሱንም አንድ ላይ አይስጧት፤ አንድ ላይ የተሰጠ ገንዘብ በመጀመሪያው ወር ያልቃል፤ እሷ ራሷ አይታዋለች። በየወሩ ጥቂት ይላኩላት። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣልና ሁሉንም ሳይሸጡ በየዓመቱ የሚበቃውን ቢያስቆርጡ እስክትመረቅ ያደርሳታል። ቢቸግራት ደግሞ የድጋፍ ቢሮ አለ፤ የቀበሌውን ደብዳቤ ግን ከነማኅተሙ አሁኑኑ ይዛ ትሂድ።

ይህን የመጨረሻውን ስትናገር ዘርፌ ሳቋ መጣ። ወይዘሮ ይርገዱ ምን አሳቀሽ ሲሏት፣ ያን ጊዜ ነው መነጽሩን፣ መዝገቡን፣ ማኅተሙን፣ ቁልፉን፣ ሽማግሌውን፣ ወዳጃቸውን፣ ድልድዩን አያይዛ የነገረቻቸው። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ይመር ወንዝ መግባታቸውን እሳቸውም አልሰሙም ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

"እመቤት፣ ውጪና ጋሽ ሙሄን ጥሪው" አሉ። "ለድልድዩ የሚሆነውን ራሱ ይምረጥ። በዋጋው ብርድ ልብስሽን እንገዛለን።"

ልጅቱ ወጣች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አይታወቅም ነበር፤ ብቻ እናቷን ስማ ሮጠች።

ልኩ ታወቀ፤ ዛፉ ተቆረጠ። ዛፉ ተቆረጠና የሠፈሩ ሰው ተሸክሞ አወረደው፤ ጋሽ ሙሄ ጠረበ፣ ሚስማር መታ፤ ድልድዩ ተጋደመ። ድልድዩ ገና ቅርፊቱ ሳይደርቅ አባባ ካሳዬ በትራቸውን ይዘው፣ ማንም እንዳይደግፋቸው እየተቆጡ ተሻገሩ። ወዳጅ ሲሻገር ሽማግሌው ተቀመጡ፤ የተቀመጡትም ዘግይተሃል ብለው ነው፤ ሌላ ቃል ሳይለዋወጡ ጠጠር መቁጠር ጀመሩ። ወይዘሮ ጥሩዬ ለጥቂት ጊዜ ሁለቱን ቆመው አዩአቸውና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ቢሮ ሄዱ። ቁልፉ ዞረ፤ ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፤ ማኅተሙ መታ። ዘርፌ በዓርቡ የመጀመሪያ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ መዝገቡ ተገለጠ፤ ስሟ ገባ። ድጋፉ ሲፈቀድ ነጃት አጠገቧ ቆማ አስቆጠረቻትና ለመነጽሩ ብቻ የሚሆነውን ለይታ አስያዘቻት፤ የቀረውን እንዳትነካው አስማለቻት። መነጽሩም መጣ።

መነጽሩ በመጣ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ዘርፌ መነጽሯን አድርጋ ስታትስቲክስ ክፍል ገባች። ሰሌዳው ታየ፤ ቁጥሩ ታየ፤ በቁጥሩ መሐል ያለችው ነጥብ ሳትቀር ታየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ መምህሩ መለሰች። ዓመቱን ሙሉ የተቆጡ ይመስሏት ነበር፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው። ለካ ሲያስተምሩ ፈገግ ይላሉ። እንዲያውም አንዱን ቀመር ጽፈው ሲጨርሱ፣ ጣፋጭ ነገር እንደቀመሰ ሰው፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዘርፌ ገርሟት ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋትና ያልገባት ነገር እንዳለ ጠየቋት።

እጇን አወጣች።

እኔም ያያዝኩትን ፈታሁ፤ የቀረ ቋጠሮ ካለ እናንተ ፍቱት። ጠያቂ አያሳጣን፣ መልስ ሰጪም አያሳጣን።