ሃያ ሁለት ዓመት የተነዳ መኪና

አንድ መሐንዲስ ነበር፤ ልሳኑ ይባላል። ከዩኒቨርሲቲ በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረና ገና በወጣትነቱ የወይራ ወንዝን ድልድይ ነደፈ። ሦስት ክረምት ወንዙ ዳር ድንኳን ውስጥ እያደረ ውሃው የሚደርስበትን ከፍታ በየድንጋዩ ላይ በቀለም ምልክት አድርጓል። የወንዙን ጠባይ ከገዛ እናቱ ጠባይ ይልቅ ያውቀው ነበር።

ድልድዩ ቆመ። በምረቃው ቀን መጋረጃው ሲገለጥ ግን በእብነ በረዱ ላይ የተቀረጸው የነዳፊው ስም የሥራ አስኪያጁ ሆኖ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ ወንዙን ያየው በዚያ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም በመኪናው መስኮት።

ልሳኑ በስብሰባ መካከል እጁን አውጥቶ «ይህ ነገር እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀ። መልሱ በሳምንቱ በደብዳቤ መጣለት፦ ለሙያው ብቃት ስለሌለው ወደ ንብረት ክፍል ተዛውሯል። ጥያቄውን የሰሙ ባልደረቦቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታውን በአገጫቸው ብቻ ይመልሱለት ጀመር። እውነትን ከሩቅ የማያደንቃት የለም፤ ብቻዋን ስትቆም ግን የሚጠጋት ይጠፋል።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ልሳኑ ታክሲ ለመያዝ ተሰልፎ ሳለ የሥራ አስኪያጁ ጥቁር የቅንጦት መኪና በመንገዱ ኩሬ ላይ በረረና ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ አለበሰው። በቀኝ በኩል ባለው የኋላ ወንበር፣ ከመስኮቱ ሰማያዊ መጋረጃ ሥር የተቀመጠው ሰው ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ልሳኑ ጭቃውን በመሐረቡ ጠረገ። «አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ባልቀመጥ!» ብሎም ማለ።

ከመሥሪያ ቤቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እቤቱ ቁጭ ብሎ የሌሎችን ፕላን ሲነድፍ ኖረ። የራሱ ቢሮና ፈቃድ ስላልነበረው የሠራውን የሚፈርሙበት ሌሎች ነበሩ። በከተማው ስንትና ስንት ፎቅ የእሱን መስመር ተከትሎ ተሠርቷል፤ ከአንዱም ፕላን ግርጌ ስሙ የለም። እሱና ሚስቱ ትርንጎ ግን ከጉሮሯቸው እየቀነሱ ያጠራቀሙት ገንዘብ በመጨረሻ ሞላላቸው። ቢሮ ሊከራዩበት፣ የመለኪያ መሣሪያ ሊገዙበት፣ ፈቃድ ሊያወጡበት ነው። ልሳኑ በገዛ ስሙ የሚፈርምበት ቀን ደጃፉ ላይ ደርሶ ነበር።

ይኼኔ የሚያውቀው የመኪና ደላላ ሰብስቤ ደወለ።

«ኢንጂነር! ስትጠብቀው የኖርከው ጥቁሩ መኪና ለሽያጭ ወጣ! ሥራ አስኪያጁ ጡረታ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ በጨረታ ለራሱ አስቀርቶት ነበር፤ አሁን ተጨንቆ ነው የሚሸጠው። በዚህ ዋጋ ዛሬ ትንሿን መኪና እንኳ አታገኝም!»

ልሳኑ ያን መኪና ሲከታተል ነው የኖረው። የት እንደሚያድር፣ መቼ ቀለም እንደተቀባ፣ የትኛው በሩ እንደተጋጨ ሁሉ ያውቃል። ዋጋውን ሲሰማ ደሙ ሞቀ። ያጠራቀሙት ገንዘብ ለመኪናው ልክክ ይላል፤ ለሌላ ነገር ግን ሽራፊም አያስተርፍም።

ለትርንጎ ነገራት። ሽንኩርት እየከተፈች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«የት ልትሄድበት ነው?»

«እንዴት የት? ሰው መኪና ሲገዛ የት ይሄዳል?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ገዢው አንተ። እስቲ አንድ ቦታ ጥራልኝ።»

ልሳኑ አሰበ። የታየው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የድሮው መሥሪያ ቤት በር። ዘበኛው ሰላምታ ሲሰጠው፣ በአገጫቸው ሰላም ይሉት የነበሩት ሁሉ በመስኮት ሲያዩት። አልተናገረም። ትርንጎ ግን ሰማችው።

«እዚያማ ታክሲም ያደርስሃል» አለችው። «ለማንኛውም ሳትገዛ ጋሽ ወልደየስን ይዘህ ሂድ። የኔን ቃል የሴት ፍርሃት ብለህ ታልፈዋለህ፤ የእሳቸውን በሙያ ትሰማዋለህ።»

ጋሽ ወልደየስ አርባ ዓመት ከሞተር ሥር ተኝተው የኖሩ መካኒክ ናቸው። ከሻጭም ከደላላም ሳንቲም አይቀበሉም፤ ስለዚህ ደላሎች ሲያዩዋቸው መንገድ ይቀይራሉ። በመንገድ ላይ ልሳኑን ጠየቁት፦

«እንደምንመጣ ነግረሃቸዋል?»

«አዎ ጋሼ፣ ለሦስት ሰዓት ቀጥሬያቸዋለሁ።»

«ወይ የተማረ ሰው! መኪና ሊያይ የሚሄድ ሰው ቀጠሮ ይሰጣል?»

ልሳኑ ነገሩ አልገባውም ነበር። መኪናው ከቆመበት የሻጩ ግቢ ሲደርሱ ጋሽ ወልደየስ በሩንም መብራቱንም ሳያዩ በቀጥታ ሄደው መዳፋቸውን በሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፉ።

«ሰብስቤ፣ ይህ መኪና ከትናንት ጀምሮ ቆሟል አላልክም?»

«ንቅንቅ አላለም ጋሼ!»

«ታዲያ ምን አሞቀው?»

«ፀሐይ ነዋ!»

ጋሽ ወልደየስ ቀና ብለው መኪናውን የጋረደውን ትልቅ ዋርካ ተመለከቱ፤ ከዚያም ሰብስቤን። ሰብስቤም ዋርካውን አሁን ገና እንዳየው ሁሉ ቀና ብሎ አየው።

«አየህ ልጄ» አሉ ወደ ልሳኑ ዞረው፤ «አሮጌ ሞተር ሕመሙን የሚናገረው በብርድ ሲነሣ ነው። እነዚህ ቀጠሮህን ሰምተው ገና በጠዋቱ አስነሥተው አሳስለውታል። ቁጭ በል፤ እስኪበርድ እንጠብቃለን።»

ሁለት ሰዓት ያህል ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሰብስቤ አላስችል ብሎት ወዲያ ወዲህ ይላል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የትልቅ ሰው መኪና ነው! ቆጣሪውን ይመልከቱ፣ ዘጠና ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደው፤ ሙሽራ ማለት ነው!»

«ቆጣሪውን ሰው ይመልሰዋል» አሉ ጋሽ ወልደየስ ጎንበስ ብለው። «ና ልሳኑ፣ ይሄን የፍሬን መርገጫ ንካ። ጎማው አልቆ ብረቱ ወጥቷል። ስንት እግር የረገጠው መኪና ነው። ከአራት መቶ ሺህ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሙሽራይቱ የልጅ ልጅ አይታለች በለኛ!»

ሞተሩ ከበረደ በኋላ አስነሡት። አጉረመረመ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ከዚያም ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። ሰብስቤ ሳሉን እየዋጠ «ትንሽ ዘይት ነው፣ ትንሽ ዘይት» ይላል።

ጋሽ ወልደየስ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «የዚህ መኪና ዋጋ የአሮጌ ነው፤ ቀለቡ ግን የአዲስ ነው። እርጅና ዋጋውን ቀነሰበት እንጂ ሆዱን አልቀነሰበትም። ዕቃው ሲሰበር ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ የእሱን ሒሳብ ስትከፍል አንተ ከቤትህ ትወጣለህ። መግዛቱን ሁሉም ይችላል። የሚያከስረው ማኖሩ ነው።»

«ስለዚህ አትግዛ ነው የሚሉኝ?»

«እኔ መኪናውን መርምሬልሃለሁ። ገዢውን መመርመር ያንተ ፋንታ ነው።»

ልሳኑ ይህን ሁሉ ሰምቶም ልቡ አልቀዘቀዘም። በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ስሌት ሁሉ «ተው» ይለዋል፤ ጭቃ የለበሰው ወጣት ግን አሁንም በውስጡ ቆሞ «ግዛ!» ይላል። የኋላ ቀኙን በር ከፈተና ሃያ ሁለት ዓመት በተመኘው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ወንበሩ ሰርጉዷል። አንድ የተሰበረ ሽቦ በቆዳው ወጥቶ ጭኑን ወጋው። ሰማያዊው መጋረጃ ከፀሐይ ብዛት ወይቦ የአቧራ ቀለም ይዟል። ፊት ለፊት ሲያይ የሚታየው የሾፌሩ ወንበር ጀርባ ብቻ ነው። ልሳኑ ግራ ቀኝ ዞረ። ከዚህ ወንበር ላይ መንገዱ አይታይም። ኩሬም፣ የታክሲ ሰልፍም፣ በሰልፉ ላይ የቆመ ሰውም አይታይም።

ይኼኔ ከቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፈ ወጣ። ክርኑ የተጣፈ ሹራብ ለብሷል። ሥራ አስኪያጁ ነበር። በመስኮቱ አጎንብሶ «ምቾቱ እንዴት ነው ወንድሜ?» አለ፤ ከዚያም ልሳኑን ትክ ብሎ አየው። «የት ነበር የማውቅህ?»

ልሳኑ ሃያ ሁለት ዓመት በየሌሊቱ ከዚህ ሰው ጋር ተሟግቷል፤ የሚለውን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ሰውየው ግን ፊቱን እንኳ አላስታወሰውም።

«በወይራ ወንዝ ድልድይ» አለ።

«አሃ! የኔ ድልድይ!» ሽማግሌው ፊቱ በራ። «አንተም እዚያ ሠራተኛ ነበርክ?»

ጋሽ ወልደየስ መዳፋቸውን ሲጠርጉበት የነበረውን ጨርቅ ኪሳቸው ከተቱ። ልሳኑ ከመኪናው ቀስ ብሎ ወረደና ቀጥ ብሎ ቆመ። ያጠናው ስድብ ሁሉ ከአፉ ጠፋ፤ በቦታው አንድ ጥያቄ ብቻ መጣለት።

«ጌታዬ፣ ምሶሶዎቹ ስንት ናቸው?»

«ምን አልክ?»

«የድልድይዎ ምሶሶዎች። ስንት ናቸው?»

ሽማግሌው ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «አራት... አይ፣ አምስት መሰሉኝ። ዘመኑ ሩቅ ነው።»

«ሦስት ናቸው» አለ ልሳኑ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሁለተኛው ከመሐል ወደ ግራ ፈቀቅ ብሏል። መሐሉ ላይ ከአሸዋው ሥር ምንጭ አለ፤ እዚያ ላይ ቢተከል ኖሮ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጥ ነበር። ያን ምንጭ ያገኘሁት በባዶ እግሬ ውሃው ውስጥ ስዳክር፣ አንድ ቦታ ላይ ውሃው ሲቀዘቅዘኝ ነው። እርስዎ ስሙን ወሰዱ። ምንጩን ግን ሊወስዱት አልቻሉም፤ እኔ ጋ ነው ያለው።»

የሽማግሌው ዓይን ከልሳኑ ፊት ወደ መሬት ወረደ፤ እዚያው ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት የዘገየ መልስ ነበር፤ ግን መልስ ነበር።

ነገሩ ያልገባው ሰብስቤ እጁን እያፋተገ መጣ። «ታዲያ ኢንጂነር፣ እንዋዋል?»

«አልገዛም ሰብስቤ» አለ ልሳኑ። «ይህን መኪና ሃያ ሁለት ዓመት ነድቼዋለሁ። ዛሬ አቆምኩት።»

ከግቢው ወጥተው ወደ ታክሲው ሲያዘግሙ ጋሽ ወልደየስ ሳቃቸው አመለጣቸው፦ «አርባ ዓመት መኪና ስመረምር ሳይገዙት እንዲህ ሩቅ የሚያደርስ አላየሁም!»

በዚያው ዓመት መጋቢት «ልሳኑ የምሕንድስና ቢሮ» የሚል ሰሌዳ በአንድ ጠባብ ደረጃ አናት ላይ ተሰቀለ። መጀመሪያ የመጣለት ሥራ የገበያ መንገዳቸውን ጎርፍ የሚዘጋባቸው የአንድ ገጠር ሰዎች በመዋጮ የሚያሠሩት የእግረኛ ድልድይ ነበር። ልሳኑ ፕላኑን ጨርሶ ከግርጌው ስሙን በትንንሽ ፊደል ጀመረ፤ ትርንጎ ከጀርባው ቆማ «አድምቀህ ጻፈው እንጂ!» አለችው። ድልድዩ ተሠርቶ ሊመረቅ ሲል የአገሩ ሽማግሌዎች በድንጋዩ ላይ የማን ስም እንደሚቀረጽ ጠየቁት። የግንበኞቹን፣ የአናጺዎቹን፣ ሲሚንቶ ያቦኩትን ሴቶች ስም አንድም ሳያስቀር ዘርዝሮ ሰጠ፤ የራሱንም ከመካከላቸው አስገባ። በምረቃው ቀን የእህል ሸክም ያዘለች እናት ቀድማ ስትሻገር እልልታው ከወንዙ ድምፅ በላይ ወጣ። ልሳኑ ከሰዉ ጋር እያጨበጨበ አለቀሰ፤ የዛሬው እንባ እንደ ያኔው ጭቃ ሌላ ሰው የረጨበት አልነበረም።

ጥቁሩ መኪናስ? አንድ ሰው ገዛው ይባላል። የት እንደሚያድር ልሳኑ አያውቅም፤ አልጠየቀምም።

ይህን የምነግራችሁ «በደልን እርሱ» ለማለት አይደለም። ይህን ምክር የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ የበደሉ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ አትስሟቸው። የተሰረቀ ስም ተሰርቋል። ልሳኑም አልረሳም፤ የምሶሶዎቹን ቁጥር ጠየቀ እንጂ። ነገር ግን ቂም ብዙ እንደተነዳ የቅንጦት መኪና ነው፤ በርካሽ ይገኛል፣ ከሩቅ ያምራል፣ ግርማ ሞገስ የሰጠን ይመስለናል። ከገዛነው በኋላ ግን ልጆቻችን የሚበሉትን ይበላል። ወንበሩ ላይ ስንቀመጥም የምናየው ፊታችንን የጋረደውን ብቻ ነው፤ መንገዱ አይታየንም። የበደለን ሰው ደግሞ ለዚያ መኪና አንዲት ሊትር ነዳጅ እንኳ አዋጥቶ አያውቅም።

በእናንተ ደጅስ ማንን ለማሳየት የቆመ መኪና አለ? በእሱ ቀለብ ስንት ድልድይ ይሠራ ነበር?