ጫኙ ቢያድግልኝና የባላምባራስ ጎሹ ክብደት

ይህን ወግ ያወረሱኝ ሰዎች ሁሉ ቀጫጮች ነበሩ፤ ስለዚህ ትንሽ ሳያዳሉ አልቀሩም። ወፍራም ሰው ቢያወራው ኖሮ ምናልባት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ነገር ግን በዚያን ዘመን የአገራችን ወፍራሞች ይበሉ ነበር እንጂ አያወሩም፤ አፍ ደግሞ አንድ ነው።

አያ ቢያድግልኝ የፊታውራሪ መሸሻ ጫኝ አለቃ ነበር። ስሙ፣ ሲወለድ የድመት ግልገል ስለሚያህል እናቱ በስለት መልክ ያወጣችለት ነው ይባላል፤ ስለቱ ግን አልሰመረም። በአርባ ዓመቱም ጋቢ ደርቦ ሲሄድ ያየው ሰው ጋቢው ብቻውን የሚሄድ ይመስለው ነበር። ሥራው የፊታውራሪን አርባ አጋሰስ በቅሎዎች መጫንና ማራገፍ ነው። እህል ጭነው ወደ ቆላ ይወርዳሉ፣ ጨው ጭነው ወደ ደጋ ይመለሳሉ። ለዚህ አገልግሎቱ ከወንዙ ዳር አንድ ማሳ ማደሪያ ተሰጥቶታል፤ ጫኝ እስከሆነ ድረስ ያርሰዋል፣ ጫኝነቱ የቀረ ዕለት ለቆ ይወጣል። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ የሚበሉት ከዚያ ማሳ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰውዬው ለጨዋታ ያህል ብቻ የሚቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ አንድ ጽኑ እምነት ነበራቸው፤ ሰው በከበደ ቁጥር ይበረታል የሚል። ከሃይማኖታቸው አስበልጠው የሚጠብቁት እሱን ነበር። ለዚህ እምነት ሲሉ የማይበሉት አልነበረም፣ የማይጠጡትም አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ሰማዕትነት ስንቱ ይታደለዋል!

* * *

በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ፊታውራሪ ወደ ኬላው ይሄዱና የዝሆን ጥርስ በሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ላይ ተቀምጠው በአሞሌ ጨው ይመዘኑ ነበር። አንድ ዓመት አሞሌው ቢቆጠር ሁለት መቶ ሞላ።

«አምና መቶ ሰማንያ ነበርኩ፤ ዘንድሮ ጉልበቴ ሃያ አሞሌ ጨመረ!» አሉ። ሎሌው ሁሉ «ያብዛልን! ያብዛልን!» እያለ መሬት ሳመ። ፊታውራሪ ከሚዛኑ ላይ ሆነው አያ ቢያድግልኝን ቁልቁል አዩትና «አንተስ ከሲታው፣ ጉልበትህ ስንት ጨመረ?» አሉት።

«እኔማ ምን ጨምሬ ጌታዬ፤ እርስዎን ተሸክመው ሚዛኑ ላይ ካስቀመጡት አራት ሰዎች አንዱ ነኝ እንጂ።»

* * *

ሁዳዴ ሲገባ ፊታውራሪ «ጾም ጉልበት ይሰብራል» ብለው ከነፍስ አባታቸው ፈቃድ አውጥተው ዶሮ ወጥ ይበሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጾሙ አያ ቢያድግልኝንም ይጎዳው ነበር። በቅበላ ብቻውን የሚያነሣትን ስልቻ በሆሣዕና ሰሞን ለሁለት ነበር የሚያነሧት። ነፍስ አባትዬው ሲያለከልክ አገኙትና «አየህ ልጄ? እኔ ለፊታውራሪ የፈቀድኩላቸው ወድጄ አይደለም፤ ጉልበታቸው እንዳይወድቅ ብዬ ነው» አሉት።

«ደግ አደረጉ አባቴ፤ የኔ በየሁዳዴው ወድቆ በየፋሲካው ይነሣል፣ የእሳቸው ግን ተነሥቶ ስለማያውቅ አወዳደቁን አይችልበትም።»

* * *

የፊታውራሪ ቤት አዛዥ፣ ጓዳውን የያዘው ሰው፣ ቆንቋና ነበር። የጫኞቹን ቀለብ መቀነስ ፈለገና የጌታውን እምነት ተገን አደረገ። ጫኞቹን ሰብስቦ «ከእንግዲህ ቀለብ የሚሰፈረው እንደ ገላው ስፋት ነው። ወፍራም ሁለት ቁና፣ መካከለኛ አንድ ቁና፣ ቀጭን ግማሽ ቁና» ብሎ አዋጅ ነገረ። ራሱ በር የሚሞላ ሰው ስለነበር ሁለት ቁናውን አስቀድሞ አሰፍሮ ነበር። ጫኞቹ አጉረመረሙ፤ አያ ቢያድግልኝ ግን እጅ ነሣ።

«ትክክለኛ አዋጅ ነው ጌታው፤ እንግዲህ ነገ ጭነቱንም በዚሁ ቁና ይስፈሩልን።»

አዛዡ በማግስቱ ቀለቡን እንደ ድሮው መለሰው ይባላል። እኔ በበኩሌ ከሁለት ቁናው የቀነሰ አይመስለኝም።

* * *

ከጫኞቹ መካከል ዳምጤ የሚባል ግንድ የሚያህል ሰው ነበር። አንገቱ ከአያ ቢያድግልኝ ወገብ ይወፍራል፤ ሲያነሣም እጥፉን ያነሣል። ፊታውራሪ ይህን ባዩ ቁጥር ደስታቸው ወሰን የለውም። አንድ ቀን እንግዶቻቸውን ይዘው መጡና «ይኸው! ዳምጤ ካንተ እጥፍ ይከብዳል፣ ካንተ እጥፍ ያነሣል። እንግዲህ ክብደት ጉልበት አይደለም ትላለህ?» አሉት።

«ነው እንጂ ጌታዬ፤ ዳምጤ የከበደው ሲያነሣ ኖሮ ነው፣ ሌላው የከበደው ሲነሣለት ኖሮ ነው።»

ነገሩ ከተሰማ ወዲህ የአገሩ ከሲታ ሁሉ ልቡ አበጠ። ከጎረቤት አገር አንድ የሸምበቆ ዘመድ የመሰለ ሰው ድረስ መጥቶ «አያ ቢያድግልኝ፣ አንተ ቀጭን ነህ፣ ብርቱም ነህ። እኔ ደግሞ ካንተም እቀጥናለሁ፤ እንግዲህ ዳምጤን መጣል አያቅተኝም» አለው። አያ ቢያድግልኝ ጭነት የሚያስርበትን የጠፍር መጫኛ አነሣና አሳየው።

«ቅጥነት ቢያነሣ ኖሮ ወንድሜ፣ ይቺ መጫኛ እኔን ሳትጠብቅ ብቻዋን ትጭን ነበር።»

* * *

ችግሩ የመጣው በፊታውራሪ አማች በኩል ነው። የሚስታቸው ወንድም ባላምባራስ ጎሹ አንድ ቀን በወንዙ ዳር ሲያልፉ የአያ ቢያድግልኝ ጤፍ አሽቶ አዩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለአርባዎቹ በቅሎዎች ማሰብ ጀመሩ። «አርባ በቅሎ እንዴት ለአንድ ጭራሮ በአደራ ይሰጣል? ጫኝነቱ ለከባድ ሰው ይገባል» ብለው ለፊታውራሪ አቤት አሉ። ከባድ ሰው ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋቸውም፤ የተቀመጡበት በርጩማ ይናገር ነበር። ፊታውራሪ እምነታቸው ነውና ተስማሙ። ሆኖም ያለ ጥፋት ማደሪያ መንቀል ነውር ስለሆነ ነገሩ በዳኛ እንዲታይ፣ ቀኑም ከሦስት ወር በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ።

ባላምባራስ ሦስቱን ወር ለችሎቱ ሲዘጋጁ ከረሙ። ጠዋት ጥሬ ሥጋ፣ ቀትር ላይ ጥሬ ሥጋ፣ በመካከሉ ለመንገድ ያህል አንድ ዋንጫ የቀለጠ ቅቤ። ገበያ መሐል አያ ቢያድግልኝን አገኙትና ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው «አየህ? እኔ ለጫኝነት እየተዘጋጀሁ ነው» አሉት።

«ለጫኝነት ነው እንዴ? እኔ ደግሞ ለቅርጫ መስሎኝ ከአሥሩ መደብ የትኛው ይደርሰኝ ይሆን እያልኩ ነበር።»

* * *

ገበያው ሳቀ፤ ማንጠግቦሽ ግን አልሳቀችም። ማንጠግቦሽ ሚስቱ ናት። ማታ ያላትን ቅቤ ሁሉ በገንፎ ላይ ገልብጣ አቀረበችለትና «ብላ» አለችው። በላ። ጨመረችለት። «ብላ እንጂ! ትንሽ እንኳ ሰው ሰው ምሰል። እነሱ የሚያዩት ሥጋ ነው። ማሳው ከሄደ እኮ እነዚህን ልጆች ይዤ የማን ደጅ ልቆም ነው? ያንተ አፍ ገበያውን ያስቃል እንጂ አንድ ቁና ጤፍ አያበቅል!» ብላ አለቀሰች።

አያ ቢያድግልኝ ያን ዕለት ቀልድ አልመጣለትም። ፈርቶ ነበር። ገንፎውን ጨረሰና የልጆቹን ራስ አንድ በአንድ ዳበሰ። እሷን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

* * *

የችሎቱ ቀን ዳኛው ብላታ ሣህሉ ከዋርካው ሥር ተሰየሙ። ብላታ በአንድ ነገር የታወቁ ናቸው፤ ከአፋቸው የወጣ ብይን ተመልሶ አይገባም። ስለ ብይኑ ትክክለኛነት ግን እንዲህ አልታወቁም።

በዚያን ዘመን ተሟጋቾች በችሎት ፊት ውርርድ ያገባሉ፤ የተረታ ያገባውን ያጣል። ባላምባራስ ጎሹ ኩታቸውን ወርውረው «ከእኔ ቀሎ ከእኔ በላይ የሚጭን ሰው ካለ፣ የምቀመጥባትን በቅሎዬን አግብቻለሁ!» አሉ። ብላታ ወደ አያ ቢያድግልኝ ዞረው «አንተስ ምን ታገባለህ?» አሉት።

«ያለኝ አንድ ቅል ማር ነው ብላታ፤ ነገር ግን ብትጠየቅ በቅሎዪቱ ራሷ እኔ እንድሸነፍ የምትጸልይ አይመስለኝም።»

ብላታ ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፍነው ፈተናውን አዘዙ። አርባዎቹ አጋሰሶች ይቀርባሉ፤ ሁለቱም በየተራ፣ ያለ ረዳት፣ የጨው ስልቻውን ከመሬት አንሥተው ከበቅሎ ጀርባ ያደርሳሉ፤ ብዙ በቅሎ የጫነ ያሸንፋል።

አስቀድመው የተነሡት ባላምባራስ ናቸው። እውነቱ ይነገር፤ አያ ቢያድግልኝ በሁለት ትንፋሽ የሚያነሣትን ስልቻ እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ብድግ አድርገው በቅሎዪቱ ላይ ጣሏት። አገር በእልልታ ተናወጠ። ማንጠግቦሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ፊታውራሪ ከደስታቸው ብዛት ተነሥተው፣ ማለትም ሁለት ሎሌ አስነሥቷቸው፣ «አየህ? አየህ ክብደት የሚሠራውን?» አሉ።

«አየሁ ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ አነሣስ አይቼም አላውቅ፤ እንግዲህ የቀሩት ሠላሳ ዘጠኝ በቅሎዎች ብቻ ናቸው።»

በሁለተኛዋ በቅሎ ባላምባራስን ላብ አጠመቃቸው። በሦስተኛዋ ስልቻውን አንዴ ጥለው እንደገና አነሡ። አራተኛዋን እንደምንም ጫኑ። በአምስተኛዋ ስልቻውን እንደ ልጅ አቅፈው መሬት ተቀመጡና አልነሣም አሉ። ትንፋሽ ሲያገኙ «ይህ ስብ ዝም ብሎ ስብ አይደለም! የተጠራቀመ ጉልበት ነው፣ ስንቄ ነው! ቆይቶ ይወጣል» ሲሉ ለችሎቱ አመለከቱ። ብላታ አያ ቢያድግልኝን «ስብ ስንቅ ነው የሚሉት እውነት ነው?» ብለው ጠየቁት።

«እውነት ነው ብላታ፤ ግን ለአንድ ቀን መንገድ የሰባት ዓመት ስንቅ የያዘ ሰው ከደጁ ሳይርቅ ነው የሚደክመው።»

ከዚያ አራቱ በቅሎዎች ተራገፉና የአያ ቢያድግልኝ ተራ ሆነ። አልቸኮለም። ከመሬት ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ በቅሎዪቱ። ሰው ምሳውን በልቶ ሲመለስ ሃያኛዋ ላይ ነበር። ፀሐይ አዘቅዝቃ የዋርካው ጥላ ሲረዝም አርባኛዋን ጫነና ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

* * *

ፊታውራሪ ግን እምነታቸውን በአንድ ቀን የሚክዱ ሰው አልነበሩም። ቆመው ሙግት ጀመሩ።

«ብላታ፣ ባላምባራስ አራት ብቻ ጫኑ ማለት ግፍ ነው። ገላቸውስ? ገላቸው ሦስት ስልቻ ይሆናል። ስልቻ ባነሡ ቁጥር ገላቸውንም አብረው አንሥተዋል! ደግሞስ ዛሬ ከአልጋቸው ሲወርዱ፣ በቅሎ ላይ ሲወጡ፣ እዚህ ደርሰው ሲወርዱ፣ ሲቀመጡና ሲነሡ ያን ሁሉ ጭነት ማን አነሣው? ይደመር! ይህ ጭራሮ እኮ ከስልቻው ሌላ ያነሣው ነገር የለም፤ ገላ የለውማ!»

ብላታ ሣህሉ ያለፈውን እሑድ በፊታውራሪ ማዕድ ላይ ነበሩ፤ የሚመጣውንም እሑድ ሊቀሩ አላሰቡም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጭራቸውን ከፍ አድርገው «ነገሩ ያስኬዳል። የባላምባራስ ጎሹ ገላ ጭነት ነው ብለናል። ብይኑ ጸንቷል!» አሉ።

ማንጠግቦሽ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ባላምባራስ ከተቀመጡበት ሆነው ፈገግ አሉ፤ ጤፉ በዐይናቸው ላይ እየመጣ መሆን አለበት።

«ቢያድግልኝ፣ የምትለው አለህ?» አሉ ብላታ።

አያ ቢያድግልኝ መጫኛውን ከትከሻው አወረደ። ወደ ባላምባራስ ቀረበና በስተቀኝ ዞሮ አያቸው፣ በስተግራ ዞሮ አያቸው፣ የሆዳቸውን ዙሪያ በጠፍሩ ለካ። ከዚያ ለዳኛው እጅ ነሣ።

«ፍርድዎ ትክክል ነው ብላታ፤ እሳቸው ጭነት፣ እኔ ጫኝ፤ በየትኛዋ በቅሎ ላይ ላውጣቸው?»